የማትጮኸው ምትክ

ማክሰኞ ማክሰኞ የኮምቦልቻ እርጉዞች ጎመን እያላመጡ ይመጣሉ።

በ2081 ዓ.ም. በዚህ የሚገረም ሰው የለም። ሴቶቹ በምርመራ ጣቢያው በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ከዘበኛው እጅ አንዳንድ ቅጠል ይቀበላሉ፤ እስከ ሃያ እየቆጠሩ ያላምጣሉ፤ ያላመጡትን በመዳፋቸው ይዘው ወደ አዳራሹ ይገባሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ስሟ በተለጠፈበት የሽቦ ቤት ፊት ሆዷን ደግፋ ቁጢጥ ትልና ምትኳን ታጎርሳለች። ምትኳ ጊኒ ፒግ ናት። ጭራ የላትም፤ አንገትም የላትም ማለት ይቻላል። አፍ ግን አላት።

በጊኒ ፒጓ ሆድ ውስጥ ከሴትየዋ ጉንጭ በጥጥ ከተጠረገ ሕዋስ የበቀለ እንግዴ ልጅ አለ። ሴትየዋ በምራቋ ያለውን ሁሉ ለእንስሳዋ ታቀብላለች። ሐሙስ የእንስሳዋ ደም ይቀዳል፤ ዓርብ ውጤቱ በሴትየዋ ስልክ ይደርሳል። «ንጹሕ» ካለ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። «ተይዟል» ካለ እንክብሉ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ሴትየዋን ራሷን የሚነካት የለም። እርጉዝ አትወጋም፤ ደሟ አይቀዳም። ደንቡ እንዲያ ይላል፤ መግቢያውም «ለእናትነት ክብር ሲባል» ብሎ ይጀምራል። ትርንጎ ይማም ይህን ሐረግ ግድግዳው ላይ ባየችው ቁጥር በአፍንጫዋ ትስቃለች።

ትርንጎ የጣቢያው እንስሳት ተንከባካቢ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት። ትምህርት ቤት የሄደችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማራት የጣቢያው ቆሻሻ መጣያ ነው፤ ሐኪሞቹ የጣሏቸውን መጻሕፍት እያነሳች፣ አቧራቸውን እያራገፈች፣ አንድ በአንድ ጨርሳቸዋለች። ሐኪሞቹ እንዳላነበቧቸው ታውቃለች። ገጾቹ ገና ከማተሚያ ቤት እንደተጣበቁ ነበሩ፤ በቢላዋ የለያየቻቸው እሷ ናት።

ከእነዚያ መጻሕፍት ስለ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተማረች። ሕዝቡ «አደንቋሪው» ይለዋል። አብዛኛው ሰው ተሸክሞት ይኖራል፤ ጉንፋን ያህል እንኳ አያስቸግረውም። ጽንስ ጋ ከደረሰ ግን የልጁን ጆሮ ይበላል። ደግሞም መራጭ ነው፤ የሰው የሆነው ቫይረስ ከሰው በቀር ማንንም ዞር ብሎ አያይም። በጥንት ጊዜ ተመራማሪዎች አይጧን በአይጥ ቫይረስ፣ ጊኒ ፒጓን በጊኒ ፒግ ቫይረስ፣ ዝንጀሮዋን በዝንጀሮ ቫይረስ እያስያዙ የሰውን ነገር ከዚያ ይገምቱ ነበር። ጊኒ ፒግ የተወደደችው የእሷ ቫይረስ እንደ ሰው እንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ስለሚገባ ነው። አሁን ግምት ቀረ ተባለ። የሴትየዋ ሥጋ እንስሳዋ ውስጥ ስላለ፣ ቫይረሱ እንስሳዋን ሴትየዋ መስላው ይገባባታል።

ትርንጎ ቫይረሱን ታከብረዋለች። በዚያ ጣቢያ ውስጥ ማንን እንደሚፈልግ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ጊኒ ፒጎቹን ግን ትንቃቸዋለች። የመኖው ቆርቆሮ ክዳን በተመታ ቁጥር ስድስት መቶ ጊኒ ፒግ በአንድ አፍ ይጮኻል። ጆሮ የሚበሳ፣ የሚለምን፣ ሐፍረት የማያውቅ ጩኸት ነው። ሴቶቹ ጩኸቱን ይወዱታል። «ውይ፣ አየችኝ! ናፍቄያታለሁ!» ይላሉ። ጎመኑ እንጂ እነሱ እንዳልናፈቁ የሚነግራቸው የለም። ትርንጎ ትነግራቸዋለች፤ ስለዚህም አይወዷትም።

ምትክ ይሞታል። ብዙ አይደለም፤ በወር አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። የሚሞተውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ቫይረሱ በድንገት የጠናበት ነው የሚሞተው። ደንቡ ለዚህ ቀን መልስ አለው፤ «ምትክ ሲሞት ለእናትየዋ በዕለቱ ይነገራት፤ እንክብሉም ሳይዘገይ ይሰጣት።» ደንቡን የጻፈው ሰውዬ ግን ኮምቦልቻን አያውቃትም። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም። አባቷ ቢሞት እንኳ እስክትወልድ ይደበቃታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይዋሻል፤ ለቅሶ የዋለው ሰው ሳይቀር ነጠላውን አስተካክሎ፣ ፈገግ ብሎ በደጇ ያልፋል። ታዲያ አንዲት ነፍሰ ጡር «ምትክሽ ሞታለች» ብሎ የሚያስደነግጥ ጨካኝ ከየት ይመጣል?

አልመጣም። ከዓመታት በፊት ሰይድ የሚባለው አንጋፋው ተንከባካቢ የመጀመሪያዋን ሟች ወደ ማቃጠያው ወሰደና፣ ከተጠባባቂዎቹ መሃል በመልክ የምትመስላትን ፈልጎ የሟቿን ቁጥር የያዘውን ታርጋ ጆሮዋ ላይ አንጠለጠለላት። ተጠባባቂ ባዶ ናት፤ የማንም ሥጋ የላትም። ሌሎቹም እያዩ ተከተሉት። ትዕዛዝ አልነበረም፤ ስብሰባም አልነበረም። ጨዋነት ብቻ ነበር። ትርንጎም አስራ አንድ ጊዜ አድርጋዋለች። «የሚያለቅሱበት ነገር አጥተው ደግሞ በጊኒ ፒግ ይነፋረቁ?» ትል ነበር፤ ደካሞችን መታገሷ ለራሷ ደስ እያላት።

በዚህ መንገድ የኮምቦልቻ ጣቢያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ምትክ ሳይሞትበት ቆየ። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ልዑልሰገድ በቢሯቸው መደርደሪያ ላይ አራት ዋንጫ ደርድረዋል።

የኮምቦልቻ ሕፃናትም ስም አተረፉ። እርጋታቸው ይወራል። የትርንጎ ጎረቤት የዘሀራ ልጅ ያሲን፣ ገበያ መሃል የጭነት መኪና ጎማ ፈንድቶ አዋቂው ሁሉ መሬት ሲተኛ፣ እሱ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ሙዙን ይበላ ነበር። «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ነው የተወለደው» ትላለች ዘሀራ፣ ደረቷን ነፍታ። ሰውም ይመርቃታል።

ትርንጎ ስታረግዝ ከአዳራሹ አነሷት። ተንከባካቢ የራሷን ምትክ አትንከባከብም። መኖ ክፍል ገባች፤ ምትኳን እንደማንኛዋም ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ታያት ጀመር። አመድማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ናት። ይህች እንስሳ ግን አንድ ነገር ነበራት፤ አትጮኽም። ክዳኑ ሲመታ ስድስት መቶው ሲንጫጫ፣ እሷ ጥግ ይዛ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃለች። ጎመኑ ሲመጣ ትበላለች፤ ባይመጣ የምትሞትለት አትመስልም።

«አየሃት፣ ጋሽ ሰይድ?» ትለው ነበር ትርንጎ። «ወግ ያላት እሷ ብቻ ናት።»

«ባለቤቷን ነው የመሰለችው» ይላል ሰይድ፣ «አንገት እንኳ ሳይኖራት አንገቷን ቀና አድርጋ።»

በሰባተኛ ወሯ የትርንጎ እግር አበጠ። ባሏ የወደብ ባቡር ሾፌር ስለሆነ ቤት የለም። ሁለት ማክሰኞ ከቤት ዋለች፤ ጎመኗን እያላመጠች በላስቲክ ቋጥራ ለሰይድ ላከች። በሦስተኛው ማክሰኞ እግሯ ቀለል ሲላት ራሷ መጣች። ቁጢጥ አለች። አመድማዋ አለች፤ ነጩ ነጥብ አለ፤ ታርጋው አለ። በዚያ ቅጽበት አንዱ ከወዲያ ክዳኑን መታ።

ምትኳ ጮኸች። ሽቦውን በጥርሷ ይዛ፣ አፏን ከፍታ ጮኸች።

ትርንጎ ያላመጠችውን ጎመን ሽቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ አስቀመጠችውና ተነስታ ወደ ማጠቢያው ክፍል ሄደች። ሰይድ ውሃ መጠጫ ያጥባል።

«ጋሽ ሰይድ፣ የኔዋ መቼ ሞተች?»

«ምን?»

«መቼ ሞተች ነው ያልኩህ።»

«አብሽሪ እቴ! ምን ሆነሻል? ይቺውና እየበላች አይደል?»

«የኔዋ አትጮኽም።»

«እንስሳ ነው እኮ፣ አንድ ቀን ዝም ይላል፣ አንድ ቀን…»

«ጋሽ ሰይድ። እኔን በዚህ? አስራ አንድ ሴት በእጄ ሸውጄ የመጣሁትን እኔን?»

ሰይድ ቧንቧውን ዘጋ። እጁን በሽርጡ አደረቀ። አደረቀና ደግሞ አደረቀ።

«እርጉዝ ነሽ እኮ» አለ በመጨረሻ።

«መሆኔንማ አውቃለሁ፤ የሆድ ድርቀት አይመስልም።»

«እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ትነግሪኝ ነበር?»

አትነግረውም ነበር። ይህ ነው ያናደዳት። ሰይድ ቆቡን አወለቀ፤ ሰው ቤት መርዶ ሊያረዳ እንደገባ ሁሉ፣ ባልዲ ገልብጦ አስቀመጣት፤ እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ነው። ጧት ስገባ ወድቃ አገኘኋት። ደሟ ሳይቀዳ። ቆንጅዬ ተጠባባቂ መረጥኩልሽ፤ ነጩን ነጥብ ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።»

«ጎበዝ» አለች ትርንጎ። «በጣም ጎበዝ ነህ። ግማሽ ቀን ሙሉ ልጄን ለማደንቆር ደከምክ።»

«ኧረ ትርንጎ! ምን ማለትሽ ነው?»

ሰይድ የምሩን ነው። አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት እንስሳ አጥቦ፣ አብልቶ፣ አቃጥሎ፣ እንስሳዋ ለምን እንደተቀመጠች አንድም ቀን አልጠየቀም። ትርንጎ ጣቷን እያጠፈች ነገረችው፤ ያን ሁሉ አንብባ እሷም ነገሩን የገጣጠመችው የራሷ ሲሞትባት ነው። የምትሞተው ቫይረሱ የጠናባት ናት። ቫይረሱ የጠናባት፣ ባለቤቷ መድኃኒቱን ከሁሉ ቀድማ ልታገኝ የሚገባት ናት። በቦታዋ የምትገባው ባዶ ናት፤ የሰው ሥጋ ስለሌላት ቫይረሱ ዞር ብሎ አያያትም፤ ስለዚህ ዓርብ በመጣ ቁጥር «ንጹሕ» ትላለች። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋትን ሴት እየመረጥን፣ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ በርኅራኄ፣ ስንነፍጋት ኖረናል።

እየተናገረች ሳለች የጎማው ፍንዳታና ያሲን ሙዙን ሲበላ ትዝ አላት። የዘሀራን ምትክ የቀየረችው እሷ ናት። ቡናማ፣ ጀርባዋ ላይ እሽክርክሪት ያላት። እሽክርክሪት ያላት ተጠባባቂ በማግኘቷ ያን ቀን ኮርታ ነበር።

ዶክተር ልዑልሰገድ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ብድግ ብለው ወንበር አቀረቡላት። ነገሩን ሁሉ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ በጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሰሌዳ ነካ አደረጉ።

«ምትክሽ ባለፈው ዓርብ ንጹሕ ናት። ከዚያ በፊት ባለውም ዓርብ።»

«ያቺ የኔ አይደለችም፣ ዶክተር። የኔዋ ሞታለች።»

«ታርጋው ያንቺ ነው።»

«ታርጋ በሽቦ ነው የሚንጠለጠለው። እኔ ራሴ ስንቱን አንጠልጥያለሁ።»

ዶክተሩ ወደ አራቱ ዋንጫዎች ዞር አሉ፤ እንደ ምስክር።

«በዚህ ጣቢያ ምትክ አይሞትም።»

«እንግዲያስ ደሜን ይመርምሩት። አንድ ጠብታ።»

«ደንቡን ታውቂያለሽ። እርጉዝ አትወጋም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምለምንዎት! ክንዱ የኔ ነው!»

«ትርንጎ፣ እባክሽ ተረጋጊ፤ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።» ድምፃቸው ደጋግሞ የታጠበ ሸሚዝ ይመስል ለስላሳ ነበር። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ የተሠራው ሳይንስ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንቺ ስለ ራስሽ የምትነግሪኝ አስተያየት ነው። እሷ ስለ አንቺ የምትነግረኝ ማስረጃ ነው።»

ትርንጎ ፊታቸውን አየች፤ ቀልድ ፍለጋ። አይቀልዱም። ያን ጊዜ ንዴቷ ጥሏት ሄደ፤ በቦታው የቀረው ንቀት ብቻ ነበር፤ ንቀት ደግሞ ለሥራ ይመቻል።

ሐሙስ ጧት፣ እንስሳቱ ደም በሚቀዱበት ሰዓት፣ መኖ ክፍል ውስጥ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። የጊኒ ፒግ መርፌ እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠነች ናት። ሰይድ ክንዷን ያዘ።

«ወንጀል ነው እኮ፣ እቴ።»

«እርጉዝ መውጋት ነው ወንጀሉ። ጊኒ ፒግ መውጋት ሥራህ ነው። ጊኒ ፒግ ናት በል።»

«ጊኒ ፒግ ምላስ የላትም።»

«ያልታደለች!»

ሦስት ጠብታ። ብልቃጡ ላይ የምትኳን ቁጥር ለጠፈችና ከሌሎቹ መሃል ሰካችው። ማሽኑ የማንን ደም እንደሚያነብ አይጠይቅም።

ዓርብ ስልኳ ጮኸ። «ውድ እናት፦ ምትክዎ ተይዟል። እንክብልዎ በመንገድ ላይ ነው። እባክዎ አይደንግጡ።»

አልደነገጠችም። የመጀመሪያውን እንክብል በር ላይ፣ አምጪው ሳይሄድ፣ በደረቁ ዋጠችው። ከዚያ ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

«አገኘሽ አይደል?» አላት ሰይድ ሰኞ። «በቃ። አሁን ዝም በይ። ቢታወቅ ሁላችንም እንባረራለን።»

ትርንጎ ወረቀት ሰጠችው። «በአሁኑ ሰዓት በሽቦ ቤት ያሉትን፣ የተቀየሩትን፣ ሁሉንም ጻፍ። ሌሎቹንም ጠይቃቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን አይረሳም።»

«ሴቶቹን ትወጃቸዋለሽ ማለት ነው?» ሰይድ ደነቀው።

«አልወዳቸውም። ግን በእጄ ያለፈ ሥራ ውሸት ሆኖ ዋንጫ ሲሸለምበት ቆሜ አላይም።»

ዘጠኝ ስም መጣ። ማክሰኞ፣ ጎመናቸውን ከማጉረሳቸው በፊት፣ ዘጠኙን መኖ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሰይድ «ቀስ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ መጀመሪያ ታማለች በያቸው» ብሎ ለምኗት ነበር። በሩን ዘጋችና አለች፦

«ምትኮቻችሁ ሞተዋል። የምታጎርሱት ሌላ እንስሳ ነው። ሟቾቹ የሞቱት የእናንተ አደንቋሪ ስለጠናባቸው ነው። ደማችሁን ዛሬ ካልቀዳሁ ልጆቻችሁ ላይሰሙ ይችላሉ።»

ከድጃ የምትባለው፣ ሽሮ ወፍጮ ያላት ግዙፍ ሴት፣ የተላመጠ ጎመኗን ትርንጎ ፊት ላይ ወረወረችው።

«ሟርተኛ! በእርጉዝ ሆድ ላይ እንዲህ ይባላል? አንቺ ራስሽ አርግዘሽ!»

ትርንጎ ጎመኑን ከጉንጯ ጠረገች። «ስደቢኝ። እየሰደብሽ ግን ክንድሽን ስጪኝ።»

«ቆይ» አለች ሌላዋ ከወደኋላ፣ «እና እኔ አንድ ወር ሙሉ አፍንጫዋን የምስመው የማንን ነው?»

«የማንንም።»

«ውይ!» ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ከድጃ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ምንም ሳትናገር እጅጌዋን ጠቀለለች፤ ስድቧን አላቋረጠችም፤ የትርንጎን እናት ጨርሳ አያቷ ጋ ስትደርስ ደሙ ተቀድቶ አልቆ ነበር።

ስምንቱ ክንዳቸውን ሰጡ። ዘጠነኛዋ አስካለ አልሰጠችም። «የኔ እንስሳ አትዋሽም» ብላ፣ ጎመኗን በመዳፏ ይዛ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። ትርንጎ እስከ አዳራሹ ተከተለቻት፤ ለመነቻት። ትርንጎ ሰው ስትለምን ሰይድ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። አስካለ ቁጢጥ ብላ ማጉረሷን ቀጠለች።

ዓርብ ከስምንቱ ስድስቱ «ተይዟል» ተባሉ። እንክብሉም በየበራቸው ደረሰ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አራት ዓመት ሙሉ ምትክ ያልሞተበት ጣቢያ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአንዴ ሰባት ሕመምተኛ ምትክ ሲያስመዘግብ ከአዲስ አበባ አጣሪ ቡድን መጣ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ ጋውን የለበሱ፤ ለእያንዳንዷ እንስሳ አንድ ሰው። እንስሳቱን መዘኑ፣ ለኩ፣ ጆሯቸውን አዩ፣ የአራቱን ሆድ ከፈቱ። በመዝገብ ደማቸው የታመመ፣ ሥጋቸው ግን ፍጹም ጤነኛ ሆኖ አገኙት፤ እንግዴ ልጁ መጥፋቱንም «ሰውነታቸው ውጦት ነው» ብለው አለፉት። ከአዳራሹ በር ውጭ እርጉዞቹ ጎመን እያላመጡ ተሰልፈው ነበር፤ ቡድኑ ሲገባም ሲወጣም «እንደምን ዋላችሁ» ብሏቸዋል። የጠየቃቸው ይህንን ብቻ ነው።

አርባ ገጽ ዘገባ ተጻፈ። ትርንጎ ከቆሻሻ መጣያው አንስታ አነበበችው። የኮምቦልቻ ጊኒ ፒግ በሽታውን ተሸክማ ጤነኛ ሆና የመኖር ልዩ ችሎታ ስላላት፣ ዘሯ ተራብቶ ለሌሎች ጣቢያዎች እንዲዳረስ ይመክራል። «ሴት» የሚለው ቃል በአርባው ገጽ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፤ እሱም ከወንዱና ከሴቷ ጊኒ ፒግ የቱ ይከብዳል በሚለው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ዶክተር ልዑልሰገድ አምስተኛ ዋንጫቸውን ተቀበሉ። ሰይድ ከዚያ ወዲህ ምትክ በሞተ ቁጥር ብልቃጥ ይዞ፣ ቆቡን አውልቆ፣ የሴትየዋን በር ያንኳኳል።

ትርንጎ ዘሀራ ቤት ሄዳለች። በዚያ ደጅ የተባለውን ማንም አልሰማም፤ ዘሀራ እስከ ዛሬ አታናግራትም። ያሲን ግን አሁን በእጁ ያወራል፤ የምልክት ቋንቋ መጽሐፉን ከመጣያው አንስታ ያመጣችለት ትርንጎ ናት። የአስካለ ልጅ በግንቦት ተወለደ። ረጋ ያለ ልጅ ነው ይባላል።

የትርንጎ ልጅ የመጣችው በሰኔ ነው። በተወለደች በሰባተኛው ቀን፣ ቤቱ ጭር ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ትርንጎ ከጣቢያው የወሰደችውን የመኖ ክዳን ከአልጋው ሥር አወጣች። ልጅቷ በጀርባዋ ተኝታለች፤ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ፣ ረጋ ብላ። እርጋታዋ ትርንጎን አስጠላት። በግራ ጆሮዋ በኩል ተንበርክካ ክዳኑን በማንኪያ መታችው።

ልጅቷ ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ ወረወረች። ፊቷ ተጨማደደ።

ትርንጎ ተነስታ አልጋውን ዞረች። በቀኝ በኩል ተንበረከከች። ሁለተኛውን መምታት ከበዳት፤ ማንኪያውን አንስታ ብዙ ቆየች። ከዚያ መታችው።

ጩኸቱ ጣሪያ ደረሰ። ጆሮ የሚበሳ፣ የሚለምን፣ ሐፍረት የማያውቅ ጩኸት ነበር። ትርንጎ ክዳኑን ጥላ፣ ቀሚሷን ፈትታ፣ ጡቷን ልትሰጣት አጎነበሰች።